ደብተራ ስንት ነጥብ ያወጣል?

«አባዬ፣ ደብተራ ማለት ደብተር የሚይዝ ሰው ማለት ነው አይደል?»

ጥያቄው የመጣው ከቤታችን ምድር ቤት ነው። የምንኖረው በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ስካይቪው ራንች በሚባለው ሰፈር ነው። ጠያቂው የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጄ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከአራት ጓደኞቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ከብበው ባለ ብዙ ገጽ ዳይስ ይወረውራሉ። ሁለቱ የፑንጃብ፣ አንዷ የፊሊፒንስ፣ አንዱ የናይጄሪያ ልጆች ናቸው። የጨዋታው ስም «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። «አይደለም» አልኩት። በግዕዝ ደብተራ ማለት ድንኳን ነው፤ ደብተራ ኦሪት ስንል የሙሴን ድንኳን ማለታችን ነው። የምንጽፍበት ደብተር ግን በዐረብኛ በኩል የመጣ ሌላ ቃል ነው። ልጄ አመሰገነኝና አራት ገጽ ወረቀት ዘረጋልኝ። ርዕሱ «ደብተራ፦ አዲስ ክላስ» ይላል። «እስቲ ተችልኝ» አለኝ።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ የዚያ አራት ገጽ ሂስ ነው። ሕገ መንግሥትና ምርጫ ሲተነተንበት በኖረ ገጽ ላይ ስለ ልጆች ጨዋታ መጻፌ የሚያስገርማቸው አንባቢያን እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሡኝ። እኔም ስጀምር እየሳቅሁ ነበር፤ ስጨርስ ግን ሳቁ ጠፍቶብኝ ነበር።

በመጀመሪያ ለማያውቁት ጥቂት ልበል። ጨዋታው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ለኅትመት በቃ። ሰሌዳም ሆነ አሸናፊ የግድ አያስፈልገውም። አንዱ ተረቱን ይመራል፤ ሌሎቹ በተረቱ ውስጥ የሚኖር አንድ ሰው ይፈጥሩና «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ የሚያጠራጥረውን ነገር ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ ይወስናል። እያንዳንዱ ሰው በስድስት ችሎታዎች ይለካል፤ እነርሱም ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ጥበብና ግርማ ሞገስ ናቸው። ከዚያ «ክላስ» ይመርጣል። ክላስን መደብ ብዬ ብተረጉመው ታላላቆቻችን ወዲያው የ1960ዎቹን ክርክር ሊቀሰቅሱብኝ ነው፤ ስለዚህ ክላስ ብዬ ልተወው። ሲጀመር ክላሶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም አሥራ ሁለት ሆነዋል፤ በ2019 ደግሞ ዕቃ ሠሪው «አርቲፊሰር» አሥራ ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረ።

አዲስ ክላስ መፍጠር የተከለከለ አይደለም። እንዲያውም የጨዋታው አንድ ትልቅ ባህል ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሌሎች ደራሲዎች በዋናው ሕግ ላይ ተመሥርተው እንዲጽፉ የሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ ነበረ። በ2023 መባቻ አሳታሚው ኩባንያ ፈቃዱን ሊያጠብቅ ሲሞክር ተጫዋቾቹ በአንድ ድምፅ ተነሡበት። ኩባንያው አፈገፈገ፤ በዚያው በጥር ወር የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ሕግጋት ማንም ሊጠቀምባቸው በሚችል ነጻ ፈቃድ ለቀቃቸው። በሕዝብ ተቃውሞ የተሻሻለ ሕግ ማየት ለናፈቀን ለእኛ ነገሩ ባያስቀናም ያስገርማል። ልጄ አራቱን ገጽ የጻፈው በዚያ ነጻነት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት፦ ደብተራው ጠንቋይ ሆኖ መቅረቱ

በረቂቁ ውስጥ ደብተራው የ«ዊዛርድ» ቅርንጫፍ ነው። ድግምት በመጽሐፉ ይገለብጣል፤ አጋንንት ይስባል፤ ጠላቱን ያሳውራል። ልጄ ይህን ከየት አመጣው? በእንግሊዝኛ ከተጻፉ አጫጭር መግለጫዎች ነው። እነርሱ ከየት አመጡት? እዚህ ላይ ፈረንጆችን መራገም ቀላል ነው። እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን ከእኛው ነው የሰሙት። ደብተራ ሲባል «መስተፋቅር» እና «ዐይነ ጥላ» ትዝ የሚለው ከእኛው መካከል ብዙ ነው።

ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለቴም አይደለም። ክታብ የሚጽፉ ደብተሮች ነበሩ፤ አሉም። የብራናው ጥቅል ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። ይህን ለልጄ ብነግረው ዐይኑ በራ፤ ወዲያው «ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራ፣ በቁመቱ የሚለካ መከላከያ» ብሎ መዘገበው። መልካም ነው፤ ልቦለድ ሳይሆን እውነተኛ ዕቃ ነውና። ስሕተቱ ከፊሉን ሙሉ ማድረጉ ነው። ደብተራ ከሁሉ በፊት ሊቅ ነው። ቅስና ሳይቀበል ማሕሌቱን የሚያቆም፣ ድጓውን የሚያዜም፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ የሚያሸበሽብ፣ ቅኔ የሚዘርፍ፣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል በአማርኛ የጻፈው ደብተራ ዘነብ ነው። ይኸው ሰው «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» የተባለ መጽሐፍም አለው። አማርኛ ቁም ነገር መነጋገርንም መጫወትንም በአንድ ቃል «ጨዋታ» ይላል። ደብተራና ጨዋታ የተገናኙት ዛሬ በካልጋሪ ምድር ቤት አይደለም ማለት ነው።

በሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም በዛብህ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። የያዘው ኃይል ድምፁና ትምህርቱ ነው፤ መሣሪያም አስማትም የለውም። ልጄን «አንድ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የተማረ ሰው ዕውቀቱ ሁሉ ሰው ማሳወር ከሆነ ምን ቀረው?» አልኩት። ዝም አለና «ዊዛርድ» የሚለውን ሰረዘው።

ሁለተኛው ስሕተት፦ «ዘር» የሚለው መስመር

ልጄ የሚጠቀምበት የ2014ቱ መጽሐፍ ስለሆነ በቅጹ ላይ «ዘር» የሚል ቦታ አለ። ኤልፍ፣ ድዋርፍ፣ ግማሽ ኦርክ እያለ ይቀጥላል። በዚያ እትም ዘር ነጥብ ያሰጣል፤ ድዋርፍ ሆነህ ከተወለድህ ጽናትህ በሁለት ይጨምራል፤ ኤልፍ ከሆንህ ቅልጥፍናህ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሌላ መጽሐፍ ኦርክ የሆነ ሰው ከዕውቀቱ ላይ ሁለት ነጥብ ይቀነስበት ነበር። ተጫዋቾች ተከራከሩበት። ቅነሳው በ2020 ተሰረዘ፤ በዚያው ዓመት የወጣ መጽሐፍ ነጥቦቹን ወደፈለጉት ችሎታ ማዛወር ፈቀደ። በ2024ቱ እትም ደግሞ «ዘር» የሚለው ቃል ራሱ ወጥቶ ነጥቡ የሚሰጠው በአስተዳደግና በኑሮ ልምድ ሆነ። አርሶ አደር ነበርህ? ጸሐፊ? ወታደር? ጥያቄው ይህ ሆነ።

ልጄ በረቂቁ ላይ «ደብተራ የሚሆኑት የትኞቹ ዘሮች ናቸው?» የሚል ሳጥን ከፍቶ ባዶውን ትቶታል። «ምን ልሙላ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ከሃያ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ የያዝኩት የቀበሌ መታወቂያ ድንገት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ስም፣ ዕድሜ፣ «ብሔር»። ያንን ቦታ የሞላው ጸሐፊ እኔን አልጠየቀኝም፤ ስሜን አየና ሞላው።

ይህን የማነሳው ማንንም ለመወንጀል አይደለም፤ ክርክሩን የዚህ ገጽ አንባቢ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጭራቅና ዘንዶ የሚያሳድዱ ሰዎች ሃምሳ ዓመት ፈጅቶባቸውም ቢሆን «ሰውን በትውልዱ ነጥብ አንስጠው» ብለው ሕጋቸውን አርመዋል። እኛስ? በየስብሰባችን ተናጋሪው አፉን ሳይከፍት «ከየት ነው?» ብለን ጽናቱንና ዕውቀቱን አስልተን አንጨርስም? ለልጄ «ሳጥኑን አጥፋው» አልኩት። ጎጃሜም፣ ጎንደሬም፣ ሸዌም፣ ሌላውም ከየኔታ እግር ሥር ከተቀመጠ ይማራል፤ የቆሎ ተማሪ ትልቁ ባሕርይ አገሩን ጥሎ መሄዱ ነው። ዜማ ፍለጋ ጋይንት ቤተ ልሔም ይወርዳል፤ ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ ይዞራል።

ግን የእኛም የጥንቱ ዝርዝር ንጹሕ አልነበረም። ልጄ በሁለተኛው ረቂቅ ደብተራውን «ባርድ» ከሚባለው ዘፋኝ ክላስ ጋር ሲያስጠጋው፣ በቤተ ክርስቲያን የማከብራቸውን አንድ መሪጌታ አማከርኳቸው። ቆጣ ብለው «ልጄ፣ ደብተራ አዝማሪ አይደለም» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ሙያው ይለያያል። ቁጣው ውስጥ ግን ሌላ ነገርም ነበረ። አዝማሪውን ንቀን፣ ሸማኔውን ንቀን፣ ፋቂውን ንቀን፣ ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብለን የኖርን ሕዝብ ነን። ክላስህ ከአባትህ ይወረሳል፤ መቀየሪያ የለውም። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ እንጀራዬ ብረትና ቧንቧ ነው። በአያቶቼ ዘመን ብሆን ማዕዳቸው ላይ ያስቀምጡኝ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። ልጄ የአርቲፊሰሩን ገጽ ሲያሳየኝ፣ ዕቃ ሠሪው እንደ ማንኛውም ጀግና ከሌሎቹ እኩል ተሰልፎ ሳየው ያልጠበቅሁት ስሜት ተሰማኝ።

ሦስተኛው ስሕተት፦ ቅኔን ዝርዝር ማድረግ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ልጄ ቅኔን «የድግምት ዝርዝር» አድርጎታል። በየደረጃው ሁለት ሁለት እየተማርህ፣ ደጋግመህ የምትጠቀምበት። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቅኔ ደጋግመው የሚሉት ነገር አይደለም። ባለቅኔ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢያቀርብ ይታዘቡታል፤ የሌላውን ቢያቀርብ ሌባ ነው። ለዕለቱ፣ ለበዓሉ፣ ለቦታው አዲስ መሆን አለበት።

እንደ መሐንዲስ ካየሁት ይህ እንቅፋት ሳይሆን የንድፉ ምሰሶ ነው። በቀድሞዎቹ እትሞች አስማተኛው ድግምቱን አንዴ ከተናገረ በኋላ ይረሳው ነበር፤ ነገር ግን በማግስቱ መልሶ ያጠናዋል። ደብተራው ከዚህ ይብሳል፤ አንዴ ያለውን ፈጽሞ መልሶ አይልም። ስለዚህ ሐሳቤ እንዲህ ነበር፦ የቅኔው ኃይል የሚሠራው ተጫዋቹ ራሱ፣ በዚያች ደቂቃ፣ ሁለት ትርጉም ያለው አዲስ ዐረፍተ ነገር ሲናገር ነው። ሰሙን ጠላት ይሰማል፤ ወርቁን ወዳጆቹ ያገኙታል። ከጠረጴዛው ዙሪያ አንድ እንኳ ወርቁን ካላገኘው ዳይሱ አይወረወርም። ደረጃውም ከቅኔ ቤቱ ሥርዓት ይወሰድ፤ ጀማሪው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይዞ ይነሣና እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይውጣ።

ሌላም ሰጠሁት። በዚህ ጨዋታ አንዳንድ ድግምት ሐሳብን መሰብሰብ ይፈልጋል፤ ድግምተኛው ሲቆስል ሐሳቡ እንዳይበተን የጽናት ዳይስ ይጥላል። ያን ጊዜ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ነገርኩት። ዐፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው የተደገፉበትን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከሉት፤ ዜማው እስኪያልቅ ንጉሡም አላዩ፣ ያሬድም አልተሰማው። ልጄ በጨዋታው ቋንቋ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ሃያ ነው!» አለኝ። ሃያ የዳይሱ ከፍተኛ ቁጥር ነው። የስድስተኛው መቶ ዘመን ታሪክ ለአንድ የካልጋሪ ልጅ እንዲህ ሲገባው ያየሁት ያን ቀን ነው። ስንት ዓመት በሰንበት ትምህርት ቤት ሰምቶት ነበር!

የዜማውን ሦስት ስልት፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን፣ ሦስት የተለያየ ጉልበት አድርጎ መደባቸው። የደብተራው መነሻ ንብረትም ተስተካከለ፦ የወርቅ ሳንቲሙ ወጥቶ ደበሎ፣ አኮፋዳና የውሻ መከላከያ ዱላ ገባ። «ለምን ውሻ?» ብሎ የጠየቀው የናይጄሪያው ልጅ ነበር። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምን ተማሪ የመጀመሪያ ጠላቱ ዘንዶ አይደለም፤ የሰፈር ውሻ ነው አልኩት። ሳቁ። ከዚያ ግን የመጀመሪያውን ጨዋታ በውሻ ጀመሩት።

ተቃውሞዎች

ሁለት ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አንዲት የማከብራት እኅት «ይሄ የሰይጣን ጨዋታ ነው፤ ልጅህን አስጥለው» አለችኝ። በ1980ዎቹ በአሜሪካም ይኸው ክስ ነበር፤ በ1983 አንዲት ልጇን በሞት ያጣች እናት ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሳ ነበር። የእናት ፍርሃት አይናቅም። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ደብተራውንም በተመሳሳይ ቃል ነው የከሰስነው። የማይገባንን ዕውቀት ሰይጣን ብሎ መጥራት የቆየ ልማዳችን ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። አንድ ወዳጄ «የሃያ ዓመት ረኀብና ጥናት በአንድ ቅዳሜ ሃያ ደረጃ ሆኖ ሲሸጥ ዝም ትላለህ?» አለኝ። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት እየተባለ ጉልምስና የሚያልቅበት መንገድ በዳይስ አይታለፍም። ክላሱ የቱንም ያህል ቢስተካከል ጥላ ነው። ይሁን እንጂ ወዳጄን መልሼ ጠየቅሁት፦ ከጥላው ውጭ ለልጆቻችን ምን ሰጠናቸው? የባህል ቀን ላይ ነጭ አልብሰን ፎቶ አነሣናቸው። አይተው እንዲያደንቁ እንጂ ነክተው፣ ገጣጥመው፣ ተሳስተው እንዲያርሙ አልፈቀድንላቸውም። ያልተነካ ቅርስ ደግሞ የእኔ ነው አይባልም። አባቶቻችን ሰንጠረዥን ከውጭ ተቀብለው እንዳለ አልተጫወቱትም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ የሚያንቀሳቅሱበትን «ወረራ» የተባለ ሕግ ይዘው ተጫወቱት። ሕግን ለራስ ማስተካከል ነውር ቢሆን ኖሮ ያ ባልኖረ ነበር።

የቀረው ጉድለት

ሂሴን በሙገሳ ብቻ ብደመድመው አታላይ እሆናለሁ። ሦስተኛው ረቂቅ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ደግሞ የልጄ አይደለም፤ የእኔ ነው። የቅኔው ሕግ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ይጠይቃል። ልጄ አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ይሰባበርበታል። እኔ ከሥራ መልስ ደክሞኝ በእንግሊዝኛ ማናገሩ ስለቀለለኝ ነው እንዲህ የሆነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ያልሰጠሁትን ቋንቋ በአንድ ቅዳሜ ሕግ አድርጌ ጠየቅሁት። በመጀመሪያው ጨዋታ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱንም በእንግሊዝኛ። ጓደኞቹ ሁለቱን ፈቱለት። ጥሩ ቀልድ ነበሩ፤ ቅኔ ግን አልነበሩም። እኔም ደረጃው ላይ ተቀምጬ እየሰማሁ አፈርኩ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ውጭው ከዜሮ በታች 28 ነበር። በተረቱ ውስጥ ደብተራውና ጓደኞቹ የበረዶ ንጉሥ ፊት ቆመዋል። ልጄ ትንሽ አሰበና በአማርኛ «ብርዱ ገባኝ» አለ።

ንጉሡ የሰማው ብርድ አጥንቱ ውስጥ የገባ ምስኪን ነው። ወርቁ ግን «ብርድ ምን እንደሆነ አሁን አወቅሁ» ነው። ሰዋስው አዋቂ ሰሙን ይነቅፈዋል፤ «ገባብኝ» መባል ነበረበት ይላል። ምናልባትም ልጄ ሲጀምር ተሳስቶ፣ ስሕተቱ ሁለት ፊት እንዳለው ሲያየው ያዘው። አልጠየቅሁትም። ከጠረጴዛው ዙሪያ አማርኛ የሚያውቅ የለም፤ በሕጋችን መሠረት አንድ ሰው ወርቁን ካላገኘ ዳይሱ አይወረወርም። ሁሉም ዞረው ደረጃው ላይ ወደ ተቀመጥኩት ወደ እኔ አዩ።

«ገባኝ» አልኩ።

ዳይሱ ተወረወረ፤ ሰባት ወጣ፤ አልበቃም። ንጉሡ አሸነፈና ደብተራው እጁን ተይዞ ታሰረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእስር እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም። አዲስ ቅኔ ያስፈልገዋል፤ ያንን ደግሞ መልሶ ማለት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ እራት ላይ በአማርኛ ብቻ ልንነጋገር ተስማምተናል። ይህ ቃል የሚጠበቅ ከሆነ የአራቱ ገጽ ረቂቅ ዋጋውን አወጣ ማለት ነው። ካልተጠበቀ ግን ጥፋቱን በጨዋታው ላይ እንዳታላክኩብኝ።

ቸር እንሰንብት።

ስካይቪው ራንች፣ ካልጋሪ